ወደ ወሎ ውርጭ ስትወጡ ቀይ ቀበሮን እንዳታስበረግጉ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። በጠቅላላ የቀረው 500 ገደማ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። በወሎ ከላሊበላ በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በደቡብ ወሎ ደግሞ በቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ የተረፉት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። እርሻው ሽቅብ እየገፋ ጓሳውን ስለበላው እንስሳው ጫፍ ላይ ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ የሚሸሽበት የለም። ጎብኚም ሁኑ ሳር አጫጅ፣ ተሳላሚም ሁኑ ከብት ጠባቂ፣ እላይ ስትደርሱ እንዴት እንደምትሆኑ ቀድማችሁ እወቁ።

መጀመሪያ ለዩት

ብዙ ሰው ተራውን ቀበሮ አይቶ ቀይ ቀበሮ አየሁ ይላል። ቀይ ቀበሮ ጀርባው እንደ ዳማ ፈረስ ቀይ፣ ጉሮሮው፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ ነው፤ ቀዩና ነጩ የሚገናኙበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል፣ ጅራቱ ወደ ጫፉ ጥቁርና ጎፈሬ ነው። ተራው ቀበሮ ግን ግራጫ የተቀላቀለበት ቡላ ሲሆን ነጩ እንዲህ ተለይቶ አይታይበትም። ቀይ ቀበሮ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጓሳና ጅብራ ባለበት ገላጣ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ አይጥ ሲያድን ታገኙታላችሁ። አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ቢነካም ኑሮው አይጥ ነው። ተራው ቀበሮ ላጠፋው በግ ቀይ ቀበሮን ማሳደድ ትልቅ በደል ነው።

ወሩን ምረጡ

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አውራ እናት ብቻ ናት። ሁለት ወር አርግዛ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከ2 እስከ 6 ግልገሎች ትወልዳለች። ግልገሎቹ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ፤ ከጎሬው ብቅ የሚሉት በ3 ሳምንታቸው ገደማ ነው፤ ጡት እስኪተዉ ደግሞ ወደ 10 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት ማለቂያ ጎሬ ያለበት ወቅት ነው ብላችሁ ያዙ።

ችግሩ ይህ ወቅት ሰማዩ የሚጠራበት፣ መንገዱ የሚደርቅበት፣ ለገናና ለጥምቀት ላሊበላ የገባው እንግዳ ሁሉ ተራራ ልውጣ የሚልበት መሆኑ ነው። ቀን መምረጥ ከቻላችሁ መጋቢትና ሚያዝያ ይሻላሉ፤ ግልገሎቹ ያን ጊዜ ከትልልቆቹ ኋላ መሮጥ ይችላሉ። በገና ሰሞን ብቻ የሚመቻችሁ ከሆነ ከተለመደው የእግር መንገድ አትውጡ፤ አስጎብኚያችሁንም «ጎሬ አሳየን» አትበሉት። እንዲያውም እሱ ልውሰዳችሁ ቢል እናንተ እምቢ በሉ።

ውሻና ምግብ ከታች ይቅሩ

ውሻ አይከተላችሁ። ከመንደር የተከተላችሁ ውሻ ካለ መንገድ ሳትጀምሩ ባለቤቱን ጠርታችሁ አስይዙት፤ ግማሽ መንገድ ላይ በድንጋይ መመለስ አይሠራም፣ ዞሮ ይመጣል። ውሻ ቀይ ቀበሮን ያባርራል፣ አይጡን ይሻማዋል፣ ከሁሉ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው ወረርሽኝ እዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። በወሎ ትንሽ ቤተሰብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል።

ቆሏችሁንና በሷችሁን ብሉ፤ የተረፈውን ግን ይዛችሁ ውረዱ። «ለቁራ ነው» ተብሎ የተጣለ የእንጀራ ፍርፋሪ የሚጠራው ውሻን ነው።

አቀራረብ

ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ተከፋፈሉ። ነጭ ጋቢ ከጓሳው ላይ ከሩቅ ያበራል፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ልብስ ደርቡበት። በሸንተረሩ አናት ላይ ቆማችሁ አትሂዱ፣ ሰማዩ ከኋላችሁ ስለሚሆን ከማዶ ሁሉ ትታያላችሁ። ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በጎኑ ሂዱ። ቀበሮውን ካያችሁ በኋላ ወደ እሱ በቀጥታ አትራመዱ፤ ባላችሁበት ተቀመጡ። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ተከትሎ ከሄደው የተሻለ ያያል፣ ምክንያቱም ቀበሮው አይጥ እየፈለገ ራሱ ወዲህና ወዲያ ይላል።

ርቀቱን በእጃችሁ ለኩ። ጎኑን ሰጥቶ የቆመ ቀበሮ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር 1 ሜትር ገደማ ነው። ክንዳችሁን ሙሉ ዘርግታችሁ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አውራ ጣታችሁ ወርዱ ቀበሮውን ካልሸፈነው ከ30 ሜትር ውስጥ ገብታችኋል፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። የትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ልክክ ብሎ ከሸፈነው 60 ሜትር ላይ ናችሁ፣ አሁንም ቀርባችኋል። የጥፍሯን ግማሽ ብቻ ሲሞላ ከ100 ሜትር አልፋችኋል፤ የሚበቃው ይህ ነው። ለዚህ አርቆ ማያ መነጽር ያስፈልጋል፤ በስልክ ካሜራ ፎቶ ለማንሳት ስትሉ የምትጨምሩት 50 እርምጃ ነው አብዛኛውን ጥፋት የሚያመጣው። ድሮን ጭራሽ አታስነሱ።

ጭላዳ መንጋ ካለ መካከሉን አትሰንጥቁ። በመንዝ ጓሳ በተደረገ ጥናት ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን 25 ጊዜ ብቻ ነው የሚሳካለት። ጭላዳውን ስትበትኑ የቀበሮውንም ቀለብ በተናችሁ ማለት ነው።

ፊቱን አንብቡ

ያልተረበሸ ቀበሮ ሲያድን ቢያዩት ይለያል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮዎቹን ወደ መሬት ያቀናል፣ አንድ እግሩን አንስቶ ይቆማል፣ ሆዱን ከሳሩ አስጠግቶ በትንንሽ እርምጃ ይሳባል፣ ከዚያ ዘሎ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ይቀረቅራል። አይጡ ኮቴ ከሰማ ተመልሶ ይገባል፣ ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ሲያደፍጥ ያያችሁት ጊዜ አትንቀሳቀሱ፣ አታውሩም።

መረበሹ የሚጀምረው ከመሸሹ በፊት ነው። ቀና ብሎ ወደ እናንተ ካፈጠጠ አንደኛው ምልክት ይህ ነው፤ ቁሙ፣ ዝቅ በሉ። ወደ ሥራው ከተመለሰ ደህና። ማደኑን ትቶ በዝግታ እየዞረ ከተመለከታችሁ ግን የእናንተ ጊዜ አልቋል፤ በመጣችሁበት ተመለሱ። «ኹፍ» ብሎ ትንፋሹን ካስወጣና ተከታታይ ቀጭን ጩኸት ካሰማ ለቤተሰቡ ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ነው፣ ምናልባትም ጎሬ ቅርብ ነው። ያን ጊዜ ፎቶ ለማንሳት መቆየት አይገባም።

ሳታስቡት ጎሬ ላይ ብትደርሱ

ገደል ሥር ወይም ገላጣ ተረተር ላይ አዲስ የተዛቀ አፈር፣ ከአንድ በላይ ቀዳዳና በዙሪያው የአይጥ ቅሪት ካያችሁ ጎሬ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ወደ ውስጥ አትመልከቱ፣ ድንጋይ አትወርውሩ፣ በዱላ አትጎርጉሩ። በዚያው ዞራችሁ ከ500 ሜትር በላይ ራቁ።

ለምን ይህን ያህል? ትልልቆቹ አይጡን በልተው በሆዳቸው ይዘው ይመጣሉ። ግልገሉ ሮጦ የትልቁን አፍ ጥግ ይልሳል፣ ያኔ ትልቁ ያስታውከውና ግልገሉ ይበላል። መንገዱ ላይ ሰው ከቆመ መጋቢው ርቆ ይጠብቃል፣ ግልገሉም ይራባል። እናቲቱ በጣም ከሠጋች ደግሞ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ጎሬ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ መሀል ብቻውን የቀረው ግልገል ለንስርና ለጅብ የተጋለጠ ነው፣ ሌሊቱም ውርጭ ነው።

የጎሬውን ቦታ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም አትለጥፉ። ስልካችሁ በፎቶው ላይ የቦታ መረጃ የሚያስገባ ከሆነ ቀድማችሁ አጥፉት።

ደጋ ላይ ለሚኖሩ

መንጋ ለመጠበቅ ውሻ የግድ ከሆነ በየዓመቱ አስከትቡት። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። የወረዳው እንስሳት ጽሕፈት ቤት ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በዕለቱ ውሻው በገመድ ካልታሰረ ሐኪሙ አይደርስበትም። ሌሊት እሰሩት፣ አብሉትም፤ የራበው ውሻ ነው ጓሳ ላይ አይጥ ሊያድን የሚወጣው። በጎቹን ጎሬ ወዳለበት ጥግ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት አምስት ወራት ባታሰማሩ ይመረጣል፤ ሌላ ግጦሽ ከሌለ ግን ውሻውን ከእናንተ አጠገብ ያዙት።

ሞቶ ያገኛችሁትን፣ የሚንገዳገደውን ወይም ያለ ፍርሃት ወደ ሰው የሚመጣውን ቀይ ቀበሮ በእጃችሁ አትንኩ። ከሩቅ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን በምልክት ያዙ፣ ውሾች እንዳይደርሱበት ሰው አቁሙና በዚያው ዕለት ለቀበሌው ወይም ለፓርኩ ጠባቂዎች ንገሩ። ከሬሳው የሚወሰደው ናሙና ቶሎ ይበላሻል፤ ሁለት ቀን ከዘገየ በሽታው ምን እንደነበር ማወቅ ይከብዳል። ውሻም ይሁን ቀበሮ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ የሕመም ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ክትባቱን ለመጀመር ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።