ቁልፉ ማን ጋ ነው? የተዘጋ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን ለሰው መክፈቻ መንገድ

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩበት ጉሮሮዬ አንድ ጠዋት ድምፅ አላወጣም አለ። ሐኪሙ ከጠመኔም ከጩኸትም ይራቁ አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቤተ መጻሕፍት ይግቡ» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍት የሚመደበው ማን እንደሆነ መምህር ሁሉ ያውቃል። የታመመ፣ ጡረታ የቀረበው፣ ወይም ከአለቃ ጋር የተኳረፈ። እኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነኝ።

የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ብርድ አለ፣ ገብስ አለ፣ ቅዳሜ ገበያ አለ። ሌላ ቤተ መጻሕፍት ግን የለም። በ2014 አዲስ አበባ 4 ኪሎ ላይ አብርሆት ሲከፈት በቴሌቪዥን አይተን ተደሰትን። ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርንም በወጣትነቴ ተሰልፌ ገብቼበታለሁ። ለእኛ ከተማ ሰው ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው። እዚህ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ እሱም ተቆልፎ ነበር። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቁልፉን ፈልጉ። ቀልዴን አይደለም። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ንብረት ክፍል ነው አሉኝ፤ ሄድኩ። ምክትሉ ጋ ነው ተባለ፤ ምክትሉ ወረዳ ስብሰባ ገብተዋል። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት እግሩ የተሰበረ ዴስክ፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀት፣ የተነፈሰ ኳስ አገኘሁ። ከዴስኩ ጀርባ ደግሞ ካርቶናቸው እንኳ ያልተቀደደ መጻሕፍት ነበሩ። እንዲህ ተዘግቶባቸው ስንት ዓመት እንደቆዩ የሚነግረኝ አጣሁ።

ለምን ተቆለፈ ብላችሁ ስትጠይቁ ሰነፎች ናቸው ብላችሁ አትፍረዱ። ነገሩ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው። መጽሐፍ ሲገባ ሞዴል 19 ተቆርጦ አንድ ሰው ይረከባል። መጽሐፉ ከጠፋ ያው ሰው ይጠየቃል፤ ከደመወዙ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። ካበደረ ይጠፋል፣ ከቆለፈ አይጠፋም። እናንተ ብትሆኑስ?

ስለዚህ ከመደርደሪያ በፊት ወረቀቱን አስተካክሉ። ወተመህን፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን ማለቴ ነው፣ ሰብስቡ። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ባሉበት መጽሐፍ ለማንበብ እንደሆነ፣ ሲነበብም እንደሚቀደድና አንዳንዱም እንደሚጠፋ ተነጋገሩ። በዓመት ስንት ቢጠፋ እንደምትታገሱ ቁጥር ቁረጡ። የተቀደደና የጠፋ የሚመረመርበት ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይቋቋም። ሁሉም በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ይፈረም፣ ማኅተም ይመታበት። ንብረት የሚወገደው በመመሪያ ስለሆነ የወረዳውን ፋይናንስ ሰዎች ቀድማችሁ አማክሩ። ይህን ቃለ ጉባኤ እኔ እስከ ዛሬ በመስታወት ፍሬም አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። የሚያየው ሰው ዲፕሎማ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ዓመት 31 መጽሐፍ ጠፋ። ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድም አልጠፋም ነበር፤ የነካቸው የለማ!

ቀጥሎ ሰዓቱ። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከ7፡30 እስከ 11፡30» ይል ነበር። ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ተማሪው ክፍል ሲገባ ይከፈታል፤ ለምሳ ሲወጣ ይዘጋል፤ ትምህርት ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። መምህራን ደመወዝ ለመጠበቅ የሚቀመጡበት ቤት ነው እንጂ የተማሪ አይደለም። አንድ ሳምንት ደብተር ይዛችሁ በየሰዓቱ ማን በበሩ እንደሚያልፍ መዝግቡ። የምትከፍቱበትን ሰዓት የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የእኛ ደብተር የነገረን ስለ ገጠር ልጆች ነበር። ከሩቅ ቀበሌ መጥተው፣ ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ አሉ። እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶ። ኪራዩ መብራትንም ይጨምራል ይባላል፤ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አከራይዋ ቆጣሪውን ታጠፋዋለች። እነዚህ ልጆች የሚፈልጉት መጀመሪያ መጽሐፍ አይደለም። አምፖልና ወንበር ነው።

የማታውን ሰዓት ለማስፈቀድ ብዙ ተለማመጥኩ፤ አልሆነም። ከዚያ ጥር 2015 መጣ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲነገር በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በዚያ ሳምንት ወላጆች ተቆጥተው ትምህርት ቤቱን ሞሉት። እኔም አጋጣሚውን አላሳለፍኩትም። «ልጆቹ የሚያጠኑበት ቦታ ይኑራቸው» አልኩ። በዚያው ስብሰባ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንዲከፈት ተወሰነ። ሰው ሲቆጣ የሚፈቅደው ነገር ብዙ ነው።

ማን ይጠብቀው? አንድ ሰው አይችለውም። እኛ የማታውን ለጥበቃው ለጋሼና ተራ ለሚገቡ ሁለት ሁለት የክበብ ተማሪዎች ሰጠነው። ጋሼ ድሮም ሌሊቱን እዚያው ነው የሚያድሩት። መጀመሪያ «እኔ ስለ መጽሐፍ ምን አውቃለሁ» አሉ። አሁን ግን ጮክ ብሎ የሚያወራ ልጅ ሲያዩ የሚያስሉት ሳል አለ፤ ከእኔ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ የሚበሩ አራት ቻርጅ የሚደረጉ መብራቶችን ስኩል ግራንት በሚባለው የትምህርት ቤት ድጎማ ገዛን። ሴት ልጆች በቡድን እንዲወጡና ሰፈራቸው አንድ የሆነ ልጆች አብረው እንዲሄዱ አድርጉ። ይህን ካላሰባችሁበት የማታው ሰዓት የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። አንድ ቀን ሙሉ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጧቸው። ከሦስት ክምር ክፈሉ፦ የሚነበብ፣ የሚጠገን፣ የሚወገድ። ሦስተኛው ላይ አትራሩ። እኛ ጋ በእርዳታ ከመጣው ካርቶን ውስጥ የአንድ የአሜሪካ ግዛት የመንጃ ፈቃድ መመሪያ አስራ አራት ቅጂ ነበር። የግብር አሞላል መጽሐፍም ነበር። መደርደሪያ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲሞላ ልጁ አንዴ ይመጣል፣ ያያል፣ «የሚነበብ የለም» ብሎ ይሄዳል። ግማሽ ባዶ መደርደሪያ ይሻላል።

የሚጠገነውን በመርፌና በወፍራም ክር ስፉት፤ ጀርባውን በኮላ ለጥፉ። በዱቄት ሊጥ አትለጥፉ፤ አይጥ መጋበዝ ነው። ሽፋኑን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ልበሱ። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ የታችኛው ረድፍም ከወለሉ ከፍ ይበል። ክረምት ላይ ግድግዳው ያልበዋል፤ ምስጡም በዚያው ነው የሚመጣው።

አደራደር ላይ ስልጠና የወሰደ ሰው ዲዊ ዲዊ ይላችኋል። ይህ የመጻሕፍት አመዳደብ ሥርዓት ከ1876 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለ፣ ዕውቀትን ከ000 እስከ 900 በአሥር የሚከፍል ነው። ለትልቅ ቤት ደግ ነው። ግን የተሠራው አሜሪካ ነው፤ ያስታውቃልም። የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ 810ን ለብቻው ይዟል፣ የእንግሊዝ 820ን። የእኛ የአማርኛ ልብ ወለድ ከነግጥሙ ከነተውኔቱ 892 ውስጥ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር ተጣብቦ ይቀመጣል። ሺህ የማይሞላ መጽሐፍ ካላችሁ ተዉት። በክፍል ደረጃና በትምህርት ዓይነት ለዩ፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ስጡ። እኔ በቀለማት ፕላስተር ነው የለየሁት፤ አረንጓዴ ሳይንስ፣ ቀይ ልብ ወለድ፣ ቢጫ የሕፃናት።

ልብ ወለድን በደራሲው ስም ደርድሩ። በራሱ ስም፤ በአባቱ አይደለም። የውጭ ልማድ ተከትሎ በአባት ስም የደረደረ ባልደረባ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ማንም ምንም ማግኘት አልቻለም። ሌላው ጣጣ ፊደሉ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ የት ይግባ? እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ቦታ አደረግን። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። የቋንቋ መምህር ሆኜ ስፈጽመው ልቤ ትንሽ ቆስሏል። ግን የሰባተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉን ያገኛል።

ለማዋስ አንድ ትልቅ ደብተር ይበቃል። ስም፣ ክፍል፣ መጽሐፍ፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። ሁለት መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት። የገንዘብ ቅጣት አታድርጉ። መጀመሪያ አድርጌ ነበር፤ በቀን ሃምሳ ሳንቲም። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉን በዝናብ አበላሸችው። ከዚያ ዓመት ሙሉ በራችንን ዞራ ታልፍ ነበር፤ በሌላ በኩል ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። ቤታቸው ሄጄ እናቷን ሳነጋግር ነው የገባኝ። አሁን የዘገየ ልጅ አንድ ከሰዓት የተቀደደ መጽሐፍ ይጠግናል። አንዳንዱ ሆን ብሎ እንደሚዘገይ እጠረጥራለሁ፤ ኮላውን ይወዱታል።

ሰው እንዲመጣ ለማድረግ የጠዋቱን ሰልፍ ተጠቀሙበት። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ለአንድ ደቂቃ አንድ ተማሪ ያነበበውን መጽሐፍ እስከ መሀሉ ይተርክና ያቆማል። መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው። ሚኒ ሚዲያዎች ማይኩን መስጠት አይወዱም፤ ለምኗቸው።

እዚህ ድረስ ያለው ለተማሪ ነው። ለከተማው ሰው የተከፈተው ቅዳሜ ነው። ገበያተኛው በእኛ አጥር ጥግ ነው የሚያልፈው። ከእድሩ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተውሰን በሩ ላይ አስቀመጥን። «ግቡ» አላልንም፤ ደክሟቸው ተቀመጡ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዲት እማማ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ልጃቸው ጂዳ ናት፤ መልእክት ልካለች፤ የሚያነብላቸው የለም። አነበብኩላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት እናቶች መጡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ። የሰው መልእክት የሚነበበው በጓዳችን በር ተዘግቶ ነው፤ የማነበውም እኔ ነኝ። ተማሪ አያነብም። ከተማዋ ትንሽ ናት። የአንዷ ችግር አንዴ ገበያ ከወጣ ማንም ተመልሶ አይመጣም።

እማማ ቀስ እያሉ የድሮውን አወሩኝ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሰርተፍኬትም ነበራቸው። ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ስላጡ ፊደሉ ጠፋባቸው። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አለ። ከሀ ሁ አትጀምሩለት፤ ያዋርደዋል። ትልልቅ ፊደል ያለው የልጆች ተረት ስጡትና «ለልጅ ልጅዎ ያንብቡላት» በሉት። ልጅቷ አጠገባቸው ሆና ስታግዛቸው ማን ማንን እንደሚያስተምር አይታወቅም። ለአርሶ አደሩ ከግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለእናቶች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በራሪ ጽሑፍ ለምኑ፤ በነፃ ነው።

ለትንንሾቹ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ አለ። ይህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። አገር ቤት ተመልሰው አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ እንዲሄዱ አደረጉ። እኛ አህያ አላስፈለገንም፤ ሰሌንና የእኔ ጉሮሮ በቂ ነው። ዝግ ባለ ድምፅ ካነበብኩ አያመኝም። እንዲያውም ልጆቹ ለመስማት ሲሉ ጸጥ ይላሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በጩኸት ያላገኘሁት ጸጥታ።

መጽሐፍ ስትለምኑ ዝርዝር ጻፉ። የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ግማሹ ውጭ አገር ነው። «መጽሐፍ እርዱን» ስንል ካርቶን ይመጣል፤ መንጃ ፈቃድን አትርሱ። «የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አሥር ቅጂ፣ አማርኛ የልጆች ተረት ሃያ፣ ኮላ አምስት» ስንል ግን ያው ይመጣል። ስትቀበሉ ልጆቹ ሲያነቡት ፎቶ ላኩ። ፊታቸው እንዲታይ ከፈለጋችሁ ወላጅ አስፈቅዱ።

በመጨረሻ ቁልፉን አብዙት። የእኛ አሁን ሦስት ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ጋሼ ጋ። ሦስተኛውን ለእድሩ ዳኛ ሰጠናቸው፤ ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ መምህር ይዛወራል፣ የእድር ዳኛ ግን ከሰፈሩ አይነቃነቅም። ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ አራት ቀን ተኛሁ። አንድ ቀንም አልተዘጋም።