ቻርጅ በዛ ብለህ አልተርኔተር ከመቀየርህ በፊት

«ቮልቱ በዝቷል፣ አልተርኔተር ይቀየር።» ድሬዳዋ ውስጥ በዚህች አንድ ቃል ብቻ ከባለመኪና ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል። አልተርኔተር ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመርተው ክፍል ነው፤ በራሱ አያስብም። ስንት ቮልት እንዲያወጣ የሚያዘው ሬጉሌተሩ ነው። ሬጉሌተሩም የሚያውቀው በሽቦ የደረሰውን ብቻ ነው። 14.2 ቮልት ላይ እንዲያቆም የተሠራ ሬጉሌተር 13 እየደረሰው ከሆነ፣ ባትሪው 15 ቢገባም «ገና ነው» ብሎ ይጨምራል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ሬጉሌተሩ ስንት እያነበበ እንደሆነ እወቅ።

ከዚያም በፊት ቴስተርህን፣ ቮልት የምትለካበትን መሣሪያ፣ እይ። የቴስተሩ የራሱ ባትሪ ሲደክም ርካሾቹ ቴስተሮች ቁጥር አብዝተው ያሳያሉ። ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው። የአንተ ቴስተር 14 ካለህ የሚቀየረው የቴስተሩ ባትሪ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሞተር እየሠራ የባትሪ ተርሚናል መንቀል ነው። ድሬም ሐረርም እስከ ዛሬ ይደረጋል። «ተነቅሎ ሞተሩ ካልጠፋ አልተርኔተሩ ደህና ነው» ይባላል። አቦ፣ ተው! ባትሪው አልተርኔተሩ የሚያወጣውን ሁሉ የሚቀበል ጎተራ ነው። በድንገት ስትነጥቀው አልተርኔተሩ ማምረቱን በዚያው ቅጽበት ማቆም አይችልም። ቮልቱ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ100 በላይ ሊዘል ይችላል። ኮምፒውተሩ፣ ሬዲዮው፣ የአልተርኔተሩ የራሱ ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ ዕቃዎች) ሳይቀሩ ይህን ይቀበሉታል። ቻርጅ የሚያበዛ መኪና ላይ ስታደርገው ደግሞ የባሰ ነው፤ ትርፉን ቮልት ትንሽም ቢሆን ይዞ የነበረው ያ ባትሪ ነበር። የምታገኘውስ መልስ ምንድን ነው? ምንም። ቻርጅ የሚያበዛ አልተርኔተር ሞተሩን አያጠፋም፤ እንደውም መብራቱ ቦግ ይልልሃል። አንዲት ቪትዝ አምፖል እያቃጠለች ሌላ ጋራዥ ገብታ ነበር። ተርሚናሉ ተነቀለ፣ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ያለው መብራት ሁሉ አንዴ ቦግ ብሎ ጠፋ። እኔ ጋ የደረሰችው ተጎትታ ነው። የአልተርኔተሯ ችግር ሬጉሌተር ብቻ ነበር። ባለቤቷ ግን የኮምፒውተር ዋጋም ከፈለ። ይህን የሚያስተምርህ ሰው ካለ፣ ትልቅም ቢሆን አትስማው።

በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲዞር፣ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለትም አለ። ሹፌሩ «የደንገጎን ዳገት ስወጣ አምፖል ይቃጠልብኛል» እያለህ አንተ ቆሞ በሚኒሞ 14.1 አይተህ ትመልሰዋለህ። ነዳጅ ሰጥተህ 2000 ዙር አካባቢ ያዘው፣ ከዚያ አንብብ። ያው መኪና 16.8 ሊያሳይህ ይችላል። ሹፌሩ እውነቱን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከአልተርኔተሩ መሰኪያ ውስጥ «ኤስ» የምትባል ቀጭን ሽቦ አለች። ሥራዋ የባትሪውን ቮልት ለሬጉሌተሩ መንገር ነው፤ በመሀል ትንሽ ፊውዝ አላት። ፊውዙ ዝጎ ወይም መሰኪያው ላልቶ ቮልት ከጣለ ሬጉሌተሩ ያነሰ ያነባል፣ ባትሪው ይፈላል። ሞተር አስነስተህ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኤስ ሽቦዋ ላይ በመሰኪያው ጀርባ በኩል አድርግ። ንባቡ ወደ ዜሮ ካልተጠጋ ጥፋቱ በሽቦዋ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ዶልፊን ሚኒባስ ነበር፤ አልተርኔተር ተቀይሮለታል፣ ባትሪም ተቀይሮለታል፣ ቻርጁ ግን ከ14.9 አይወርድም። በሁለቱም አልተርኔተር ያው 14.9። ይህ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሬጉሌተሮች አንድ ዓይነት ስህተት አይሠሩም። ስለካው ኤስ ሽቦዋ ላይ 0.6 ቮልት ይጎድላል። ሽቦዋን በእጄ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ፕላስተር) የተጠቀለለባት ወፈር ያለች ቦታ አገኘሁ። ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ ጣት ላይ ይጣበቃል። ስፈታው ውስጡ ጥቁር ዳዮድ አለ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ቀለበት ያለበት። ቀድሞ የነበረ ሰው ትልቅ ቴፕና ስፒከር ሲገጥም ቻርጁ ከፍ እንዲልለት አስገብቶታል። ዳዮድ 0.6 ቮልት አካባቢ ይጥላል፣ ሬጉሌተሩም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ዳዮዱ ወጥቶ ሽቦው ሲያያዝ 14.3 ገባ።

ሬጉሌተራቸው ከአልተርኔተሩ ውጭ ቦዲ ላይ የታሰረ አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ ማሳውን፣ ማለትም በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር፣ የሚያየው የለም። ሐረር የምትታወቅባቸው ፔጆ 404 ታክሲዎች እንዲህ ናቸው። የሬጉሌተሩ ቡሎን ሥር ዝገትና ቀለም ሲገባ ማሳው ይደክማል፣ ንባቡ ይወርዳል፣ ቻርጁ ይጨምራል። ከሬጉሌተሩ ቆርቆሮ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለካ። ከ0.2 በላይ ካየህ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ መልሰህ እሰር።

ባትሪ ሸተተ ማለትም ሁልጊዜ ቻርጅ በዛ ማለት አይደለም። ቻርጁ 14.2 ሆኖ ባትሪው የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ፣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሾርት ሆኖ እንደሆነ ተመልከት። ሞተር ጠፍቶ 10.5 አካባቢ ታነባለህ። አምስቱ የስድስቱን ቮልት ሲሸከሙ ይፈላሉ። ያኔ ሲጋራም ብልጭታም አይቅረብ፤ ከሽታው ጋር የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ይወጣል። የጎደለውን ውሃ በቧንቧ ውሃ አትሙላ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ። አሲድም አትጨምር፤ የተነነው ውሃው ብቻ ነው።

ሙቀቱንም አስብ። ብዙ ሬጉሌተሮች ሲሞቁ ቮልት ይቀንሳሉ። ሐረር በብርድ ማለዳ ሞተር እንደተነሳ 14.7 ማየት ጤና ነው። ያው መኪና 700 ሜትር ያህል ወርዶ ድሬ ላይ፣ በቀትር፣ ሞተሩ ግሎ 14.7 ላይ ከቆመ ግን ባትሪውን ይጎዳል። አዳዲሶቹ መኪኖች ቻርጁን በኮምፒውተር ስለሚያዙ ቁጥሩ ወጣ ገባ ይላል፤ እነሱን በመመርመሪያ ማሽን እይ።

የመጨረሻው የጭነት መኪና ነው። ከአወዳይ ጫት የሚያመላልስ አይሱዙ ሁለት ባትሪ አለው፣ ሲስተሙ 24 ቮልት ነው። ሬዲዮው ግን 12 ነው። ስለዚህ ሽቦውን ከአንዱ ባትሪ ብቻ ይስቡታል። አጠቃላይ ቻርጁን ብትለካ 28.2፣ ደህና ይመስላል። እያንዳንዱን ለየብቻ ለካ፦ ሬዲዮ የሚመገብበት 12.9፣ ሌላው 15.3። አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይፈላል። ሰውየው የፈላውን ይቀይራል፣ አዲሱም ይፈላል። አልተርኔተሩን አትንካው። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግጠምና ሬዲዮውን በእሱ አስነሳ። ሁለቱን ባትሪዎችም ለየብቻ ሞልተህ ካስተካከልክ በኋላ ብቻ መልሰህ እሰራቸው።