የ1911 ቅጂ ሽጉጥ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው፤ ስሙም ከዚያው ዓመት ወጣ። የፈጠራ መብቱ ካበቃ ረጅም ዘመን ስላለፈው ዛሬ የፈለገ ፋብሪካ ይሠራዋል። በአሜሪካ ገበያ ርካሾቹ በዋናነት ከሁለት አገር ይመጣሉ፦ ከፊሊፒንስ ማሪኪና፣ አርምስኮር «ሮክ አይላንድ አርሞሪ» በሚል ስም የሚሸጠው፣ እና ከቱርክ ትራብዞን፣ ቲሳሽ የሚሠራው። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ የአሜሪካው ኮልት ፋብሪካ የሚሠራውን ግማሽ ያህል ነው። አገር ቤት «የቱርክ ሽጉጥ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የኮንትሮባንድ ዜና ነው። ፈቃድ ባለው አስመጪ በኩል ገብቶ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሌላ ነገር ስለሆነ በዚያ ስም አትመዝኑት።

ከታች ያለው በነጥብ 45 ጥይት፣ ባለ 5 ኢንች በርሜል ለሆነው መደበኛ ሞዴል ነው። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ካዝናውን አውጡ፣ ስላይዱን (ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት) ወደኋላ ጎትታችሁ አስቁሙ፣ ማጉረሻውን (ጥይቱ የሚገባበትን የበርሜሉን ኋላ) በዓይንም በጣትም ፈትሹ፣ ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው፤ መጀመሪያ ካዝና፣ ከዚያ ማጉረሻ። ከተገላበጠ ስላይዱ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል።

ሱቁ «ዲሌይድ» (የገዢ ማንነት ምርመራው ዘገየ) አለኝ ወይም አልሸጥም አለኝ

አሜሪካ ላለው የእኛ ሰው የተለመደው ምክንያት ስም ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መካከል፣ የአያት ስም መጨረሻ ይሆናል፤ ሌላው ላይ አያት ይጠፋል። ስሙ ከሌላ ሰው ጋር ሲመሳሰል ምርመራው ይዘገያል። ሲገዛ በሚሞላው ፎርም 4473 ላይ ስማችሁን መታወቂያችሁ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፉ፤ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ግዴታ ባይሆንም መሙላቱ ከስመ ሞክሼ ይለያችኋል። በተደጋጋሚ የሚዘገይባችሁ ከሆነ ለኤፍቢአይ አመልክታችሁ «ዩፒን» የሚባለውን የገዢ መለያ ቁጥር አውጡና በሚቀጥለው ግዢ አስመዝግቡት።

ሁለተኛው ምክንያት አድራሻ ነው። ቤት ቀይራችሁ መታወቂያው የድሮውን ከያዘ፣ አዲሱ አድራሻ ያለበት ሌላ የመንግሥት ሰነድ፣ ለምሳሌ የመኪና ምዝገባ፣ ጨምራችሁ ያዙ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ሽጉጥ የሚገዛው በሚኖሩበት ስቴት ነው። የሜሪላንድ ነዋሪ ቨርጂኒያ ርካሽ አገኘሁ ብሎ ይዞ መሄድ አይችልም፤ በሜሪላንድ የብቃት ፈቃድና የ7 ቀን ጥበቃ አለ፣ ሞዴሉም ስቴቱ ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለዚያ ሰው ብሎ በራስ ስም መግዛት ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው። ዘመድነት ይህን አያስቀረውም።

ባንኮኒው ላይ ሳለ ምን ልፈትሽ?

ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሻጩን አስፈቅዱና መዶሻውን ወድሩ፣ የአውራ ጣቱን ሴፍቲ ወደ ላይ አድርጉ፣ ቃታውን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡና ልቀቁ። ሴፍቲውን አውርዱ፤ መዶሻው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣት ትንሽ ወደኋላ ሳብ እያደረጋችሁ ጆሮ ስጡ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ውስጡ ያለው የመዶሻው መያዣ ሴፍቲው በርቶም ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ያንን ሽጉጥ ተዉት። ቀጥሎ እጀታው ጀርባ ላይ ያለውን ሴፍቲ ሳትጫኑ ቃታ ሳቡ፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። በመጨረሻ ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ በማስወጫው መስኮት የሚታየውን የበርሜል ጀርባ በአውራ ጣት ወደታች ተጫኑ። ረገብ ረገብ የሚል ከሆነ ሌላ አስመርጡ። ባዶ ስላይድ እየለቀቃችሁ «ቿ» አታድርጉት፤ 1911 ላይ ይህ የመዶሻውን መያዣ ጥርስ ይጎዳል።

ስላይዱ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል

አዲስ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው ለመርከብ ጉዞ ዝገት እንዳይዘው የቀባው ወፍራም ቅባት ነው። ያ ቅባት ማለስለሻ አይደለም፤ ባሩድ ሲነካው እንደ ሙጫ ይሆናል። ፈታችሁ በማጽጃ ፈሳሽ ሙልጭ አድርጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት አድርጉ፦ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አንዳንድ ጠብታ፣ የበርሜሉ ጫፍ ውጪው ላይ አንድ፣ የበርሜሉ ጥርሶች ላይ አንድ፣ ከታች ባለችው ማጠፊያ ላይ አንድ። ማጉረሻውና ጥይቱን የምትመታው መርፌ ቀዳዳ ደረቅ ይሁኑ። ቅጂዎቹ ጠበብ ብለው ስለሚመጡ ከ200 እስከ 500 ጥይት እስኪተኮስ ድረስ አልፎ አልፎ መቆሙ አያስደነግጥም። ለዚህ መለማመጃ ባለ 230 ግሬን (የእርሳሱ ክብደት ነው) ክብ አፍንጫ፣ ሙሉ ሽፋን ያለውን ተራ ጥይት ተጠቀሙ። ሽጉጡ ሲነደፍ የተለካው በዚያ ነው።

ሲፈታ፣ ስላይዱን የሚመልሰው ሞላ (ስፕሪንግ) ክዳን ከፊት ተወጥሮ ስላለ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። መነጽር አድርጉ፣ መዳፋችሁን ፊቱ ላይ ያዙ።

ጥይቱ አልጎርስ ይላል

አፍንጫው ወደታች ደፍቶ መወጣጫው (ጥይቱን ወደ በርሜሉ የሚያወጣው ተዳፋት) ላይ ከተተከለ ጥፋቱ ካዝና ነው። ርካሽ ሽጉጥ ርካሽ ካዝና ይዞ ይመጣል፤ የቅጂ ሽጉጥ ስም ባብዛኛው የሚጠፋው በዚህ ነው። በካዝናዎቻችሁ ታች 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉ፣ ሲነክስ ቁጥሩን መዝግቡ። ችግሩ ሁሉ በአንድ ቁጥር ላይ ከወደቀ ሽጉጡን አትንኩት። እንደ ሜክጋር ወይም ዊልሰን ኮምባት ያለ የታወቀ ካዝና አንድ ገዝታችሁ ሞክሩ።

አፍንጫው ገብቶ ጥይቱ ሰያፍ ሆኖ ከቆመ ግን፣ ሦስት ቦታ ተይዟል፦ ከታች በመወጣጫው፣ ከላይ በበርሜሉ ጣራ፣ ከኋላ ቀለሃውን በሚጎትተው ጥፍር። ካዝናው ጤነኛ ከሆነ ጥፍሩ ከልክ በላይ ጠብቋል። ወደሱ እመጣለሁ።

በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሞረድ መወጣጫውን «ማለስለስ» የሚመክር ሰው ሞልቷል፤ አትስሙት። በፍሬሙ (እጀታውን በያዘው የሽጉጡ አካል) መወጣጫና በበርሜሉ መካከል ወደ 0.8 ሚሊሜትር የምትሆን ደረጃ መኖር አለባት። እሷን ያጠፋ ሰው ፍሬም አበላሽቷል፤ ፍሬም ደግሞ በሕግ ራሱ ሽጉጡ ስለሆነ በመለዋወጫ አይተካም።

ቀለሃው አይወጣም፣ ወይም እንደ ጭስ ማውጫ ቆሞ ይያዛል

መጀመሪያ አያያዛችሁን እዩ። እጅ ከላላ ሽጉጡ አብሮ ወደኋላ ስለሚሄድ ስላይዱ ጉልበት ያጣል። ሌላ ጠንካራ ተኳሽ ሲይዘው ከተስተካከለ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ካልሆነ ጥፍሩ ነው። በ1911 ላይ ጥፍሩን የሚገፋ የተለየ ሞላ የለም፤ ረጅሙ ብረት ራሱ ታጥፎ ሞላ ይሆናል፣ ስለዚህ ልኩ በእጅ ነው የሚወጣው። ለመፈተን ስላይዱን ብቻ አውጡ፣ በርሜሉን ለዩ። ባሩድ የሌለበት የመለማመጃ ጥይት ወስዳችሁ ከታች ወደ ላይ ከጥፍሩ ሥር አስገቡት፤ መሐሉ ከመርፌዋ ቀዳዳ ጋር ይግጠም። በጣት ግፊት ብቻ መግባት አለበት። ስላይዱን ቀስ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ይያዝ፣ በኃይል ስታራግፉት ይውደቅ። ገና ሳይነቀነቅ ከወደቀ ላልቷል፤ በኃይልም አልወድቅ ካለ ጠብቋል። ለማስተካከል ጥፍሩን አውጥታችሁ ጫፉን ብቻ 2 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ራሱ ቀዳዳ መልሱና የቀረውን በአውራ ጣት በጥቂቱ ገፉት፣ መልሳችሁ ግጠሙት፣ ፈትኑት። እያነሰ እያነሰ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ከተሰበረ አዲስ ጥፍር ልክ ማስያዝ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጥፍሩን የሚያላላው ዋነኛ ነገር ደግሞ የባለቤቱ ልማድ ነው፦ አንዱን ጥይት በእጅ ማጉረሻ ውስጥ ጥሎ ስላይዱን መልቀቅ። ጥፍሩ ከሥር ተንሸራቶ መያዝ ሲገባው ከላይ ዘሎ እንዲነክስ ይገደዳል። ጥይት ሁልጊዜ ከካዝና ይጉረስ።

መዶሻው ወደቀ፣ ጥይቱ ከሸፈ

አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ 30 ሰኮንድ ጠብቁ፣ ከዚያ አውጡትና የቀለሃውን ቂጥ እዩ። ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ችግሩ የጥይቱ ነው። ትንሽ ጭረት ብቻ ከሆነ መርፌዋ ጉልበት አጥታለች፤ አዲስ ቅጂ ላይ ያው የመርከብ ቅባት ቀዳዳዋ ውስጥ ስለተጠራቀመ ነው። ከኋላ ያለችውን ማገጃ ሳህን ወደታች አንሸራቱ፤ መርፌዋ ከነሞላዋ ስለምትፈናጠር አውራ ጣት አድርጉባት። ቀዳዳውን አጽድታችሁ ያለ ዘይት መልሱ።

ድምፁ እንደወትሮው «ጧ» ሳይሆን «ፕፍ» ካለ ፈጽሞ ሁለተኛ አትተኩሱ። እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። አራግፉ፣ ፍቱ፣ በርሜሉን ብርሃን ላይ አይታችሁ ወዲያ ማዶ ካልታየ ለባለሙያ ስጡ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ካዝናው ሳያልቅ ስላይዱ ወደኋላ ከቆመ አውራ ጣታችሁ የስላይዱን ማቆሚያ እየገፋ ነው። ሲያልቅ ካልቆመ ደግሞ ያው ጣት ከላይ ተጭኖታል ወይም የካዝናው ሞላ ደክሟል። ቀኝ እጅ ተኳሽ ሆናችሁ ጥይቱ ወደታችና ወደ ግራ ከሄደ ማነጣጠሪያውን አትንኩ፤ ቃታው ሲሳብ እጅ እየጨበጠ ነው። ትራስ ላይ አስደግፋችሁ አምስት ጥይት ተኩሱ፣ አሁንም ወደ ግራ ከሆነ ያኔ የኋላውን ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ። ከማቆሚያው ሥር ቅስት ጭረት የሚወጣው ስትገጥሙ ነው፤ ፍሬሙ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ፣ የስላይዱን ጎድጎድ ከፒኑ ጋር አስተካክላችሁ በቀጥታ ግፉ። ስላይዱን የሚመልሰው ሞላ 16 ፓውንድ ነው፤ በየ3,000 ጥይት ገደማ ይቀየር።

አንዴ ቃታ ስባችሁ ሁለት ከተኮሰ፣ ወይም መዶሻው ስላይዱን ተከትሎ ከወደቀ፣ የቤት መፍትሄ የለውም፤ ካዝናውን አውጡና አቁሙ። ዋስትናውን የሚፈጽመው አስመጪው ነው፤ ስሙና ከተማው በሕግ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ደውላችሁ የመላኪያ መለያ ጠይቁ። በወረቀት ላይ ምልክቱን፣ የጥይቱን ዓይነት፣ እስካሁን የተተኮሰውን ብዛትና ያስቸገረውን ካዝና ቁጥር ጻፉ። ካዝናውን አብራችሁ ላኩ፤ ጥይት ግን አንድም እንዳይገባ ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት ማጉረሻውን እንደገና በጣት ዳስሱ።