ለሊኑክስ የሚሆን ላፕቶፕ ሐዋሳ ላይ ስትገዙ

ፒያሳም ሂዱ አቶቴ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትወጡ ከብሩ ሌላ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሥርዓተ ክወና) የተዘጋጀበት ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ባለ 8 ጊጋ ይበቃል። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን አይነካም። ሻጩ ቢያቅማማ ይህንኑ ንገሩት፤ የሚፈራው ፎርማት እንዳይደረግበት ነው። ገብቶትም እምቢ ካለ እኔ ቀጣዩ ሱቅ ነው የምገባው።

ሥራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ምክሬም ወደዚያ ያደላል። ለጌም የሚገዛ ሰው ሌላ ይጠይቅ።

ሻጮች "ኮር አይ 5 ነው፣ ኮር አይ 7 ነው" ይላሉ። እናንተ የፕሮሰሰሩን ጀነሬሽን፣ ማለትም ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ፣ ጠይቁ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለሊኑክስ ግን 7ኛ ጀነሬሽን ምንም አይጎድለው። ዋጋ ስትከራከሩ ይህችን አንሷት።

እኔ የምመርጠው የሌኖቮን ቲንክፓድ ቲ470 ወይም ቲ480 ነው። ሁለት ባትሪ አላቸው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ። የኋላውን ማሽኑ ሳይጠፋ አውጥቶ በሌላ መተካት ይቻላል። መብራት ሲሄድ የሰው ማመልከቻ ግማሽ ላይ ለደረሰ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የራም (ክፍት ሥራዎችን የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ማስገቢያቸውም ሁለት ሁለት ነው። ሌላው ቲንክፓድ፣ ኤክስ1 ካርበን፣ ቀጭንና ቆንጆ ነው፣ ራሙ ግን ቦርዱ ላይ ስለተበየደ 8 ጊጋ ከገዛችሁ 8 ጊጋ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ፍላሹን ሰኩ። ሲነሳ ቲንክፓድና ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጫኑ። ዴስክቶፑ እንደመጣ የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱና ዋይፋዩ ያገኘው እንደሆነ እዩ። የኢንቴል ካርድ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይይዛል። ብሮድኮም ከሆነ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይጠይቃል፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ያው ኢንተርኔት ያስፈልጋል! ክዳኑን ዘግታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ክፈቱት፣ ተኝቶ መንቃት አለበት። የጽሑፍ ገጽ ከፍታችሁ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ንኩ። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃን ሞክሩ። የጣት አሻራው ባይሠራ አይግረማችሁ፣ በእሱ የተነሳም አትተዉት።

ቀጥሎ ዲስክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና የዲስኩን ጤንነት አንብቡ። የባትሪውን ደግሞ ፓወር ስታቲስቲክስ ይነግራችኋል፦ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ስንት ነበር፣ አሁን ሲሞላ ስንት ይይዛል። 24 ዋት ሰዓት ተብሎ የተሠራው 10 ብቻ የሚይዝ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ። በመጨረሻ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈት የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ። ከድርጅት የወጡ ማሽኖች ላይ የይለፍ ቃል የተቆለፈበት ያጋጥማል። እንዲህ ያለውን፣ ሻጩ "እናስፈታዋለን" ቢልም፣ ዓይናችሁን ሳታሹ እለፉት።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልቆይም። ለጀማሪ ሚንት፤ ትንሽ ለለመደ ዴቢያን የሚባለው ሌላ ሊኑክስ፣ ከ2023ቱ 12ኛ ዕትም ጀምሮ የዋይፋይ ፈርምዌሩን (ካርዱ እንዲሠራ የሚፈልገውን ፋይል) ከመጫኛው ጋር ስለሚያመጣ እንደ ድሮው አያስቸግርም። አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ኤም 17 ኤን ጥቅል ጫኑና ከዝርዝሩ አማርኛን ምረጡ፤ የቃሉን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እየነካችሁ ነው የሚጻፈው።

ጣጣው ያለው ደንበኛ ይዞት በሚመጣው ፋይል ላይ ነው። በናይላ ፎንት የተጻፈ የወርድ ደብዳቤ ሊብሬኦፊስ (ሊኑክስ ላይ በወርድ ፋንታ የምንጠቀምበት) ላይ ይነበባል፤ ግን ናይላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ እናንተ ጋ በሌላ ፎንት ይተካል፣ መስመሩም ይንሸራተታል። አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጫኑ፣ መስመሩን አስተካክሉ፣ ስትመልሱለት በፒዲኤፍ መልሱ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ከመጣ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የምታዩት። የፎንቱን ፋይል ከባለቤቱ ተቀብላችሁ ብትጭኑት ብዙውን ጊዜ ይነበባል፤ ማረም ካስፈለገ ግን እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል፣ ሒሳቡንም ቀድማችሁ ንገሩት።

ፕሪንተር ስትመርጡ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የሚባሉትን የተለመዱ የኅትመት ቋንቋዎች የሚቀበል ፈልጉ። እንደ ካኖን ኤልቢፒ 2900 ያሉት፣ ዋጋቸው ቢያጓጓም፣ ካፕት በሚባል በራሳቸው መንገድ ስለሚሠሩ ሊኑክስ ላይ አድካሚ ናቸው። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ገጽ አማርኛ አትሙበት።