የድሮ የእንግሊዝ የሞት ምርመራ መዝገቦችን ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንዱ ከጋሪ ወድቆ ሞተ። ሌላዋ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ጉድጓድ ገባች። የተራ ሰው ስም እምብዛም በማይጻፍበት ዘመን እነዚህን ሰዎች ያስቀሩልን የእንግሊዝ ኮሮነሮች፣ ማለትም ድንገተኛ ሞትን የሚመረምሩ ሹማምንት፣ መዝገቦች ናቸው። በጣም እወዳቸዋለሁ። ግን በቀላሉ ያሳስታሉ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የመጀመሪያው ስህተት ኮሮነሩን እንደ ሐኪም ማየት ነው። ሹመቱ በ1194፣ በቀዳማዊ ሪቻርድ ዘመን ሲጀመር በየካውንቲው ሦስት ባላባቶችና አንድ ጸሐፊ እንዲመረጡ ነበር የታዘዘው። ዋና ሥራቸው የንጉሡን ጥቅም መጠበቅ ነው። ሬሳውን ያያሉ፣ ቁስሉን ይመዘግባሉ፣ ለንጉሡ የሚገባውን ገንዘብ ይገምታሉ። መንደሩ ኮሮነሩ ሳይደርስ ሬሳውን ከቀበረ ይቀጣል።

ሁለተኛው፣ የተጻፈውን ዋጋ እንደ ገበያ ዋጋ መውሰድ። ሰው የገደለ ጋሪ ወይም ፈረስ ለንጉሡ ይወረስ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ግምቱ ይከፈላል። ስሙ ዲዮዳንድ ነው፤ በላቲን «ለእግዚአብሔር የሚሰጥ» ማለት ነው። ገማቾቹ ግን ጁሪው፣ ማለትም ብያኔ ለመስጠት የሚጠሩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ጎረቤቶች ናቸው። ነገ ከባለጋሪው ጋር አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነበር። ባቡር ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በ1841 ሶኒንግ ላይ ባቡር ከተንሸራተተ አፈር ጋር ተጋጭቶ ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ጁሪው 1,000 ፓውንድ ዲዮዳንድ ጣለ። እዚህ ቁጥሩ የዕቃ ግምት አይመስለኝም፤ የሰዎች ቁጣ ነው። ሕጉ በ1846 ተሻረ።

ጁሪውንም የዛሬ ጁሪ አድርገን እናስበዋለን። በመካከለኛው ዘመን ግን የሚጠሩት የአካባቢው ሰዎችና የአጎራባች መንደሮች ነዋሪዎች ናቸው፤ የሚፈለጉትም ነገሩን ያውቃሉ ተብሎ ነው። አፈርሳታን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል።

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘውን ሰው መጠርጠርም ስህተት ነው። ስሙ የሚጻፈው፣ ዋስ የሚጠራውም ግዴታ ስለነበረበት ነው። ኡኡ ብሎ ጎረቤት መጥራት ነበረበት።

«ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ብያኔ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ራስን ማጥፋት እንደ ከባድ ወንጀል ይቆጠር ስለነበር የሟች ንብረት ይወረሳል። ጎረቤቶቹ ለቤተሰቡ ሲያዝኑ የሚመርጡት ቃል የትኛው እንደሚሆን አስቡት።

ቀኑንም አትቸኩሉበት። በንጉሥ ዘመንና በቅዱሳን በዓል ነው የሚጻፈው፤ ከእገሌ በዓል በኋላ ያለው ሐሙስ፣ እየተባለ። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የሚያሳስተው ዓመቱ ነው፤ ለረጅም ዘመን አዲስ ዓመት የሚቆጠረው ከማርች 25 ነበር። ስለዚህ በ1568 የተጻፈ የፌብሩዋሪ ሞት በዛሬው አቆጣጠር 1569 ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው፣ ታዋቂ ስም ፍለጋ መሮጥ ነው። በ1569 ጄን ሻክስፒር የምትባል የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ዉስተርሺር ውስጥ በወፍጮ ኩሬ ሰጥማ ሞተች። ወዲያው የተነሳው ጥያቄ «የሼክስፒር ዘመድ ትሆን?» የሚል ነው። ዝምድናቸው አልተረጋገጠም። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ውሃው ዳር የሄደችው ቢጫ አበባ ልትቀጥፍ ነበር፤ ጸሐፊውም አበባውን ሳይዘለው ጻፈው።