የፈረንጅ ጥድ ስትገርዙ ገንዘባችሁንም ዛፋችሁንም የሚያስከፍሏችሁ ስህተቶች

የፈረንጅ ጥድ ያላቸው ገበሬዎችና ማህበራት "ዘንድሮ እንግረዝ ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "ምን ልትሸጡ ነው?" ብዬ ነው። የግረዛ፣ ማለትም የታች ቅርንጫፉን ቆርጦ የማስወገድ ወጪ ዛሬ ከኪስ ይወጣል። ጥቅሙ የሚታየው ግን ዛፉ ተሰንጥቆ ጣውላ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ሳያሰላ የሚገርዝ ሰው ወይ ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይ ዛፉን ይጎዳል።

ጣውላ የማይሆነውን መግረዝ

አዊ ዞን ውስጥ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ በጥቂት ዓመት ተቆርጦ ይከሰላል። ጉጥ (እንጨቱ ውስጥ ተውጦ የቀረ የቅርንጫፍ ቁራጭ) ኖረው አልኖረው ማንም አይጠይቅም። ለአጣና የሚሸጥ ባህር ዛፍም ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ከተተከለ የታች ቅርንጫፉን ራሱ ያራግፋል። ለእነዚህ የቀን ሠራተኛ አትቅጠሩ።

የፈረንጅ ጥድ ግን ይለያል። የታች ቅርንጫፉ ብርሃን ሲያጣ ይሞታል፣ ሞቶም ግንዱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ግንዱ እየወፈረ ያንን የሞተ እንጨት ይውጠዋል። ጣውላው ሲደርቅ ጉጡ ይላቀቅና ወልቆ ይወድቃል፤ ቦታው ላይ ክብ ቀዳዳ ይቀራል። አናጢ እንዲህ ያለ ጣውላ ለበርና ለቁም ሣጥን አይፈልገውም። የምትገርዙት ይህን ለማስቀረት ነው።

ዘግይቶ መግረዝ

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ዛፉ ሲቆረጥ 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል እንበል። ግንዱ 10 ሴንቲ ሳለ ከገረዛችሁት፣ ጉጥ ያለበት የውስጥ ክፍል ከጠቅላላው አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። 20 ሴንቲ ሲደርስ ከገረዛችሁ አንድ አራተኛ ይሆናል። 30 ሴንቲ ላይ ከሆነ ከግማሽ በላይ! ቁስሉ እስኪሸፈን የሚሄደው እንጨት ሲታከልበት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ቅርንጫፉም በዚያን ጊዜ ወፍሯልና ሥራው ከባድ ነው፣ ክፍያውም ይጨምራል። ስለዚህ ያረጀ ደን ይዛችሁ "አሁንም አልረፈደም" የሚላችሁን አትስሙ። ረፍዷል። ያንን ገንዘብ ለሚቀጥለው ተከላ አስቀምጡት።

ሠራተኛውን በቅርንጫፍ መክፈል

ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ባየሁት ቁጥርም ያበሳጨኛል። "ገንዘብ የለንም፤ ግረዙና ቅርንጫፉን ለማገዶ ውሰዱ" ይባላል። ነፃ ሥራ ይመስላል። ግን ማገዶ ፈልጎ የመጣ ሰው የትኛውን ቅርንጫፍ ይቆርጣል? ወፍራሙን ነዋ! ወፍራሙና ለምለሙ ደግሞ ዛፉን የሚመግበው ነው። አንድ የማህበር ደን በዚህ ውል ተገርዞ ስደርስ፣ ዛፎቹ ጫፋቸው ላይ ብቻ ቅጠል የቀረላቸው የተገተሩ መጥረጊያዎች ሆነው ነበር። የደረቁት የታች ቅርንጫፎች በየግንዱ ላይ ቁራጭ እየተረፋቸው ቀርተዋል። ጉጡ አልተወገደም፣ እድገቱ ግን ተገቷል።

ማገዶ ወሳጆቹ ላይ አልፈርድም። እናቶች ጭራሮ ፍለጋ ስንት መንገድ እንደሚሄዱ ስለማውቅ ቅርንጫፉ ለሰፈሩ ሰው ቢደርስ ደስ ይለኛል። ጥፋቱ የውሉ ነው። ቆራጩን በገረዘው ዛፍ ልክ በገንዘብ ክፈሉት። ከዛፉ ቁመት ቢያንስ ግማሹ ለምለም ሆኖ እንዲቀር አዝዙ። የወረደው ቅርንጫፍ ከዚያ በኋላ ይታደል። ብር ከሌላችሁ ጥቂት ዛፍ ግረዙ።

በገጀራ መግረዝ

ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ትንሽ ያበጠ ቀለበት አለ። ቁስሉን የሚሸፍነው አዲስ እንጨት የሚነሳው ከዚያ ነው። ገጀራ ያንን ቀለበት ይልጠዋል፣ ወይም ቅርፊቱን ይዞ ይወርዳል። በተላጠው ቦታ መበስበስ ይገባል። ስለዚህ መጋዝ ተጠቀሙ። ከቀለበቱ ውጭ፣ አስጠግታችሁ ቁረጡ። ቅርንጫፉ ከባድ ከሆነ መጀመሪያ ከስር በመጋዝ ትንሽ ቁረጡት፣ ሲወድቅ ቅርፊት አይገነጥልም። እንደ ኮት መስቀያ የሚወጣ ጉቶም አታስቀሩ፤ እሱም ተመልሶ ጉጥ ነው።

ሁሉንም ዛፍ መግረዝ

ከሙኔሳ ሻሸመኔ እስከ ወንዶ ገነት ያሉትን ጨምሮ ለጣውላ የሚለማ የጥድ ደን ሲያድግ ይሳሳል። ከተተከለው ብዙው ገና ቀጭን ሳለ ይወጣል፤ እስከ መጨረሻው ቆሞ ጣውላ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ነገ ደኑን ለማሳሳት የምታወጡትን ዛፍ ዛሬ ከፍላችሁ መግረዝ ምን ይባላል? ቀጥ ያሉትን፣ ጤነኞቹን ምረጡና ቀለም ቀቧቸው፤ የተቀቡት ብቻ ይገረዙ። ገርዞ አለማሳሳትም ያው ኪሳራ ነው። ከጉጥ የጸዳው እንጨት የሚመጣው ከግረዛ በኋላ ግንዱ ሲወፍር ነው፤ ተጨናንቆ የቆመ ዛፍ ደግሞ አይወፍርም።

ቀሪዎቹ አጭር ናቸው። ክረምት ላይ አትግረዙ። ከታችኛው 5 ወይም 6 ሜትር በላይ መሰላል ይዞ መውጣት ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም፤ ታችኛውን 5 ወይም 6 ሜትርም ዛፉ እየረዘመ ሲሄድ በሁለት በሦስት ዙር አድርሱት። ቅርንጫፉን ከግንዱ ስር አትከምሩ። የተገረዘ ደን የመሬት እሳት ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ይቀንሳል፣ ክምሩ ግን ያንን ጥቅም ያጠፋዋል።

አለመመዝገብ

የተገረዘ ግንድና ያልተገረዘ ግንድ ዓመታት ሲያልፉ ከውጭ ይመሳሰላሉ። ነጋዴው ልዩነቱን ካላየ የተሻለ ዋጋ አይከፍልም። የገረዛችሁበትን ዓመት፣ የዛፉን ውፍረትና የገረዛችሁትን ከፍታ በደብተር ጻፉ። ግንዶቹን ስትሸጡ የተገረዙትን ለብቻ ደርድሩ፤ ከተቻለ አንዱን ገዢው ፊት አሰንጥቁት።