ዘመድ የተማረበት ዩኒቨርሲቲና ግዴታ ያልሆነው ድርሰት፦ ከጅማ ሆነው ወደ አሜሪካ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች

በአገራችን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በአብዛኛው የሚመደበው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ሲሆን፣ ለምደባው ዋናው መሠረት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱና የተቋማት ምርጫው ነው። አባቱ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ መመረቁ ልጁን ጅማ አያስመድበውም፤ ስለ ራስህ ድርሰት ጻፍ የሚለውም የለም። በዚህ አሠራር ያደገ የጅማ ተማሪ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሲከፍት፣ ፎርሙ ወላጆቹ የት ተምረው በየትኛው ዓመት እንደተመረቁ ሲጠይቀው፣ ወረድ ብሎም «ከፈለጉ ይጻፉ» የሚል ባዶ ቦታ ሲያገኝ ግር ቢለው አይፈረድበትም። የመጀመሪያውን አይቶ «ሰው የሌለው አይገባም ማለት ነው» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ አለ፤ ሁለተኛውን አይቶ ደግሞ ባዶ መተው የሚያስቀጣ መስሎት ያገኘውን ሁሉ የሚሞላበት ብዙ ነው።

በቅድሚያ የወላጅን ጉዳይ እንመልከት። በአሜሪካ በርካታ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ የቀድሞ ምሩቃኖቻቸውን ልጆች የማስቀደም የቆየ ልማድ አላቸው፤ አመልካቾች «ሌጋሲ» የሚሉት ይህንን ነው። ልማዱ ቀላል የሚባል አይደለም። በሃርቫርድ ላይ ቀርቦ በነበረው የቅበላ ክስ ይፋ እንደሆነው መረጃ፣ ከሚያመለክቱ የምሩቃን ልጆች መካከል 33 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቅበላ ሲያገኙ፣ ከሌሎች አመልካቾች ግን የሚያገኙት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ የምሩቅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረና ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሁሉ ከዝምድናው የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

ይሁንና ልማዱ እየጠበበ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤምአይቲና ካልቴክ የወላጅን ምሩቅነት ከግምት አያስገቡም። ጆንስ ሆፕኪንስ በ2014፣ አምኸርስት ኮሌጅ በ2021፣ ዌስሊያን ደግሞ በ2023 ትተውታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ዘርን መሠረት ያደረገ ቅበላን ከከለከለ በኋላ «ታዲያ የምሩቅ ልጅ ለምን ይቀደማል?» የሚለው ጥያቄ በርትቶ፣ ቀደም ብሎ በ2021 ሕግ ያወጣችውን ኮሎራዶን ተከትለው ቨርጂኒያና ኢሊኖይ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ከልክለውታል። የሜሪላንድ የ2024 ሕግና ከ2025 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የግል ዩኒቨርሲቲዎችንም ይመለከታሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወሬ መስማት ሳይሆን የምታመለክቱበትን እያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ በስሙ ማጣራት ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። በሰነዱ ውስጥ ሲ7 የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ በአንድ በኩል የትምህርት ውጤት፣ ድርሰት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የምሩቅ ዝምድና እየተባለ ይዘረዘርና በየአንዳንዱ ትይዩ «በጣም አስፈላጊ»፣ «አስፈላጊ»፣ «ከግምት የሚገባ» ወይም «ከግምት የማይገባ» በሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል። የምሩቅ ዝምድና የሚለው መስመር «ከግምት የማይገባ» ከሆነ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። «ከግምት የሚገባ» ቢሆን እንኳ ድርሰት የሚለው መስመር የት ላይ ምልክት እንደተደረገበት አብራችሁ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የሚነሣው ማን ይቆጠራል የሚለው ነው። በዋናነት የሚቆጠሩት አባትና እናት ናቸው፤ አንዳንድ ተቋማት አያትን ወይም እኅት ወንድምን ይጨምራሉ። አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የአበልጅ ልጅ አይቆጠሩም። በእኛ ዘንድ አጎት እንደ አባት ስለሆነ ይህ ለመቀበል ያስቸግራል፤ ነገር ግን በፎርሙ ላይ የአባትን ቦታ በአጎት ስም መሙላት ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ ስለሆነ በምንም ምክንያት አይደረግም። በሕግ አሳዳጊነቱን የያዘ አጎት ከሆነ ግን ፎርሙ ለአሳዳጊ የተለየ ቦታ አለው።

ወላጃችሁ በእርግጥ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከሆነ ሁለት ነገሮችን ተጠንቅቃችሁ ሙሉ። አንደኛው ስም ነው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ እኛ የአባታችንን ስም ስለምንጽፍ የእናትና የልጅ «የቤተሰብ ስም» አንድ አይሆንም፤ የአባትና የልጅም እንዲሁ። በዚያ ያለው ሠራተኛ በስም መመሳሰል ዝምድናውን ሊያውቅ ስለማይችል የወላጃችሁን ስም በዲግሪያቸው ላይ በተጻፈበት ፊደል ልክ አስገቡ። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቤት ውስጥ «በ89 ነው የተመረቅኩት» የሚሉ አባት በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገሩ ሳይጠየቁ አይጻፍ። ይህን ካደረጋችሁ ዝምድናው ተመዝግቧል፤ ድርሰት ውስጥ እንደገና ማንሣት አያስፈልግም።

በጅማ የተለየ ታሪክ ያለው አንድ ጉዳይ አለ። በ1952 የተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በኋላ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት የሆነው፣ የተቋቋመው ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት በሚባለው ዩኒቨርሲቲ እገዛ ነበር። ስለዚህ ዲግሪያቸውን ኦክላሆማ የሠሩ አያት ያሉበት የጅማ ቤተሰብ ቢገኝ አያስገርምም። እንዲህ ባሉ ሰፊ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላው በአብዛኛው በውጤት ስለሚሄድ የአያት ስም ለመግቢያ የሚጨምረው እምብዛም ነው። ነገር ግን አንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለምሩቃን ልጆችና የልጅ ልጆች የክፍያ ቅናሽ አላቸውና «ቅናሹ ለውጭ አገር አመልካች ይሠራልን?» ብላችሁ ለቅበላ ቢሮው አጭር ኢሜይል ጻፉ።

በእኔ አስተያየት የጅማ ተማሪ ከዝምድናው ይልቅ ሊጨነቅበት የሚገባው የክፍያው ነገር ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ዳርትማውዝ የውጭ አገር አመልካች የገንዘብ ድጋፍ መጠየቁን በቅበላው ውሳኔ ላይ አያስገቡም፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን ያስገባሉ። የምታመለክቱባቸውን ተቋማት ስትመርጡ ይህ ከወላጅ ምሩቅነት እጅግ የከበደ ሚዛን አለው። «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ላስገባችሁ» የሚል ደላላም አይጠፋምና ከእርሱ ራቁ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ በተጋለጠው የቅበላ ማጭበርበር፣ በገንዘብ ልጆቻቸውን ያስገቡ ሀብታምና ዝነኛ ወላጆች ሳይቀሩ ታስረዋል።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንምጣ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት በኮመን አፕ ማመልከቻ ላይ ከ250 እስከ 650 ቃላት የሚጻፍ ዋና ድርሰት አለ፤ ከዚያ በተጨማሪ ዩኒቨርሲቲዎቹ በየራሳቸው የሚጠይቋቸው አጫጭር ድርሰቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል «በፍላጎት» የሚል ምልክት ያለባቸው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። «የእኛን ዩኒቨርሲቲ ለምን መረጥክ?» ወይም «ያደግክበትን ማኅበረሰብ ግለጽልን» የሚለው በፍላጎት ነው ቢባልም ተወዳዳሪዎቻችሁ ስለሚጽፉት እናንተም ጻፉት። «ተጨማሪ መረጃ» የሚለው ክፍል ግን በእርግጥም በፍላጎት ነው፤ የሚነገር ነገር ከሌለ ባዶውን መተው ምንም አያጎድልም። ከ2025 ጀምሮ ይህ ክፍል ወደ 300 ቃላት ዝቅ ተደርጓል፤ ያጋጠመ ችግርን ለማስረዳትም 250 ቃላት የሚይዝ ሌላ ቦታ ከጎኑ አለ።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙበት ድርሰትም አለ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ዓ.ም ወላጅህ ምሩቅ ነው ወይ የሚለውን ምልክት አስቀርቶ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የግል ወይም የታሪክ ግንኙነት ያለው አመልካች፣ ግንኙነቱ ለዩኒቨርሲቲው አስተዋጽኦ እንዲያደርግ እንዴት እንዳዘጋጀው በፍላጎቱ እንዲጽፍ ጋብዞ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያጋጥማችሁ የሚጠየቀው የዘር ሐረግ ሳይሆን ግንኙነቱ በእናንተ ላይ የሠራው ሥራ ነው። ለማሳያ ያህል፣ እናቷ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና የተማሩ አንዲት የጅማ ተማሪ አለች እንበል። በመጀመሪያ የሚመጣላት እንዲህ ያለው ነው፦

«እናቴ በዚህ ታላቅና ዝነኛ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስለ ግቢው ውበት ስትነግረኝ አድጌአለሁ። እኔም የእርሷን ፈለግ መከተል የዘወትር ሕልሜ ነው።»

እዚህ ውስጥ ስለ ልጅቷ ምንም የለም። እናቷ ምሩቅ መሆናቸው ቀድሞ በፎርሙ ተነግሯል፤ ስለ ግቢው ውበት አንባቢው ከእርሷ የበለጠ ያውቃል። አሁን ይህን ተመልከቱ፦

«እናቴ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ይዛው የመጣችው ልማድ ማንኛውንም መጠይቅ ወደ መስክ ከመውሰዷ በፊት ቤት ውስጥ በእኛ ላይ መሞከር ነው። 10ኛ ክፍል ሳለሁ በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ የወባ መከላከያ መጠይቅ ለአያቴ አነበብኩላቸው። ‹ትናንት ማታ አጎበር ውስጥ ተኝተዋል?› ብዬ ስጠይቃቸው ‹አዎ፣ ተኝቻለሁ› አሉኝ፤ አጎበሩ ግን ከነማሸጊያው ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። እናቴን ‹አጎበሩን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?› የሚል ጥያቄ ከሥሩ እንድታስገባ ነገርኳት፤ አስገባችው።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚበልጠው በቋንቋ ውበት አይደለም። ዩኒቨርሲቲውን ሳያሞግስ ትምህርቱ ቤታቸው ድረስ እንደገባ ያሳያል፤ ልጅቷም አይታ፣ ጠይቃ፣ ያስተካከለችው ነገር አላት። ግንኙነታችሁን እንዲህ ባለ አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ካልቻላችሁ ድርሰቱን ተዉት። ምሩቅ ወላጅ የሌላችሁ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ላይ ግንኙነት ለመፍጠር አትድከሙ፤ ዩኒቨርሲቲውን በኢንተርኔት መጎብኘት የታሪክ ግንኙነት ተብሎ አይጻፍም።

ከጅማ ለሚያመለክት ተማሪ የበለጠ የሚጠቅመው «ተጨማሪ መረጃ» የተባለው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የቅበላ ሠራተኛው ስለ ትምህርት ቤታችሁ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለፈተና አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በ11ኛ ክፍል ውጤታችሁ ወርዶ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት ቀይራችሁ ትራንስክሪፕታችሁ ከሁለት ቦታ የመጣ ከሆነ፣ የስማችሁ አጻጻፍ በፓስፖርትና በትራንስክሪፕት የተለያየ ከሆነ፣ ቦታው ይኸው ነው። አጻጻፉ ግን የአቤቱታ መሆን የለበትም። እኛ ለቢሮ ስንጽፍ «ችግሬን ተረድታችሁ በትሕትና እለምናለሁ» ብለን መዝጋት ለምደናል፤ እዚህ ግን ልመናው ቀርቶ ነገሩ ብቻ ይጻፋል፦

«በ11ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት የሒሳብ ውጤቴ ከ91 ወደ 74 ወርዷል። አባቴ ታመው ስለነበር ሂርማታ ያለውን ሱቃችንን ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽት እኔ እጠብቅ ነበር። በ12ኛ ክፍል ውጤቴ 90 ሆኗል።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ስትጽፉት «እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት» ማለት ለእነርሱ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚባለው ሊመስል ስለሚችል ሰዓቱን ወደ እነርሱ አቆጣጠር መልሱት። ትምህርት ቤቱ ስለ እናንተ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚልከውን ሪፖርት የሚጽፉት ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆኑ የጻፋችሁትን አሳዩአቸው፤ እርሳቸው ውጤቱ የወረደው በሌላ ምክንያት ነው ብለው ቢጽፉ ሁለቱ ይጋጫሉ። በዋናው ድርሰት የተነገረን፣ ከ10 በማይበልጡት የትርፍ ጊዜ ተግባራት ዝርዝር የተጠቀሰን ወይም መምህሩ በድጋፍ ደብዳቤው የሚያነሣውን ነገር ግን እዚህ አትድገሙ።

የእንግሊዝኛ መምህር ሰዋስውን ቢያርም መልካም ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በራሱ ከጻፈው ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ካስጻፋችሁት ግን የአያታችሁ አጎበር ጠፍቶ የማንም ድርሰት ይሆናል።

የጊዜውን ነገር በአጭሩ። የቀዳሚው ዙር ማመልከቻ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22፣ የመደበኛው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ገደማ ይዘጋል። የኮመን አፕ ሰዓት የሚቆጠረው በአመልካቹ አካባቢ ሰዓት ስለሆነ የአሜሪካን ሌሊት እንደ ትርፍ ጊዜ አትቁጠሩት። መብራትና ኔትወርክ የማይታመኑ ስለሆኑ ድርሰቶቹን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ከኢንተርኔት ውጭ ጽፋችሁ አስቀምጡና ከመዝጊያው ቀደም ብላችሁ አስገቡ። ከመላካችሁ በፊት ሥርዓቱ ማመልከቻውን በፒዲኤፍ ያሳያችኋል፤ በተለይ በፍላጎት የሚሞሉትን ክፍሎች ፈልጋችሁ አንብቡ፣ የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ስም ለሌላው በሚላክ ድርሰት ውስጥ ተረስቶ የሚገኘው እዚያ ነውና። ከተላከ በኋላ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ የሄደው ማመልከቻ አይስተካከልም። አዲስ ውጤት ቢመጣ ግን ዩኒቨርሲቲው በሚከፍትላችሁ የአመልካች ገጽ በኩል፣ ወይም ለቅበላ ቢሮው በኢሜይል፣ በጥቂት መስመር ማሳወቅ ይቻላል።